ያልተሰረዘው ዘፈን

ሰው ተጠይቆ ዝም ሲል፣ እሺ ማለቱ ነው ወይስ ጥያቄው ጆሮው አልደረሰም?

ዘፋኙ ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለም። አለመቻሉ ደግሞ ያበሽቀዋል። አንድ ድልድይ ስንት የጫነ መኪና እንደሚሸከም ለማስላት ባሕር ተሻግሮ የተማረ ሰው ነው፤ የአንዲት ሴት ዝምታ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚነግረው ቀመር ግን አጣ።

ነገሩ የተጀመረው በአናጢው ወርክሾፕ፣ ከእንጨት መላጊያው ማሽን ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። አራት ልጆች በአፍላነታቸው «ዝገት» የሚባል የሄቪ ሜታል ባንድ ያቋቋሙት እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር። ድምፅ እንዳይወጣ ብለው የለጠፉት የእንቁላል መያዣ ካርቶን እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ፤ ጎረቤት ግን አንድም ቀን በካርቶኑ ተጠቅሞ አያውቅም።

አሁን አራቱም ሠላሳን ዘለዋል። ድራም መቺው የአባቱን ወርክሾፕ ወርሶ አናጢ ሆኗል። ሊድ ጊታሪስቱ ጥርስ ሐኪም ነው፤ «ያኔም የሰው ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር፣ አሁን ግን ይከፈልበታል» ይላል አናጢው። ዘፋኙ ለሁለት ዓመት ብሎ ሄዶ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ተመልሷል። ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ደግሞ ዝሆን ነች። ዝሆን ያሏት ወፍራ አይደለም፤ እሷ ጊታሩን ሳይሆን ጊታሩ እሷን ተሸክሞ የሚሄድ የሚመስል ቀጭን ልጅ ነበረች። ግን የመጀመሪያ ቀን ወፍራሙን ክር ስትመታው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ስም ወጣላት።

የተሰበሰቡት አንድ አሳታሚ «የ‹ዝገት›ን ምርጥ ዘፈኖች በአንድ አልበም ላውጣላችሁ» ስላሉ ነው።

«ዝገት ደግሞ ምርጥ አለው እንዴ?» አለ አናጢው፣ ከወንበሩ ላይ ብናኝ እያራገፈ።

«ሳይበላው የቀረ ብረት ካለ፣ እሱ ነው ምርጡ» አለች ዝሆን።

ሳቁ። ዘፋኙ የእሷን ሳቅ ከሌሎቹ ለይቶ ሲሰማ ዘጠኙ ዓመት እንደ ወረቀት ታጥፎ ኪሱ የገባ መሰለው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ገጠሙ። ቀድማ ጎንበስ ያለችው እሷ ነበረች።

ባንዱ አንድ ሕግ አለው። ዘፈን ሲመረጥ አንዱ የዘፈኖቹን ስም ጮክ ብሎ ያነባል። ያልፈለገ ሰው «ሰርዝ» ይላል፤ ዘፈኑ ከዝርዝሩ ይወጣል። ምክንያት አይጠየቅም፣ አይሰጥምም። ዝም ያለ ተስማምቷል፤ «እሺ» የሚባል ነገር የለም። ሕጉ የወጣው አናጢውና ጥርስ ሐኪሙ በአንድ ዘፈን ምክንያት መድረክ ላይ አንገት ለአንገት ከተያያዙ በኋላ ነው። «ሰውን የሚያጣላው ምክንያቱ ነው» ብላ ያረቀቀችው ራሷ ዝሆን ነበረች።

ጥርስ ሐኪሙ ማንበብ ጀመረ። «‹የእሳት አጥር›።» ዝም። «‹መዶሻ›።» ዝም። «‹የመንደር ውሾች›።»

«ሰርዝ» አለ አናጢው። ውሾቹ ወጡ።

እንዲህ እያለ መጨረሻው ላይ ደረሰ። «‹በሩን አትዝጊው›» ብሎ፣ ይሄስ ማንም አይነካውም በሚል ዓይነት ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ።

«ሰርዝ» አለች ዝሆን።

«ዝገት»ን የማያውቅ ሰው እንኳ «በሩን አትዝጊው»ን ያውቃል። የባንዱ ብቸኛ ለስላሳ ዘፈን ነው። ዘፋኙ ሊሄድ ሰሞን የጻፈው፣ ለማን እንደጻፈውም አራቱም የሚያውቁት ዘፈን። በሩን አትዝጊው፣ ሄጄ መምጣቴ ነው፣ ይላል።

«ቆይ እንጂ፣ እሱ እኮ...» ብሎ ጀመረ ዘፋኙ።

«ሕግ አለ» አለ አናጢው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

ዘፋኙ በሩ ላይ ደረሰባት። ሻርፗን እየጠመጠመች ነበር።

«ምክንያት አልጠይቅሽም» አላት።

«ጥሩ አደረግህ።»

«ግን ብጠይቅሽስ?»

«ያኔ ሕግ ጣስህ ማለት ነው።» የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር፤ አውቶቡስ መጣና ዘጋችው።

ዘፋኙ የሚኖረው አክስቱ ቤት ነው። ቀን ቀን አንድ የምህንድስና ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሌሎች የሠሩትን ንድፍ ያርማል። ባሕር ማዶ ሳለ «ወደ አገሬ ስመለስ» ይል ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ቋንቋው ሁሉ «እዚያ ሳለሁ» ሆኗል። የሚኖርበትን ቀን ሁልጊዜ በሌላ ቀን በኩል አሻግሮ ነው የሚያየው። ያ ዘፈን ግን በሁለቱም በኩል አብሮት ነበር። እሷ በሩን እንዳልዘጋች ምስክሩ ዘፈኑ ነው ብሎ ያምን ነበር። አሁን ምስክሩን ሰረዘችበት።

«አንተ ልጅ» አሉት አክስቱ፣ የሚያጉተመትመውን ሰምተው፣ «ድልድይ ተምረህ መጥተህ አንዲት ጎዳና መሻገር አቃተህ?»

«መንገዱን ዘግታዋለች፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዝም በላት። ዝም አይነቅዝም።»

ዝም ማለት ግን አይችልበትም። አሳታሚውም ዝም አላሰኙትም፤ ስልካቸው በማግስቱ መጣ።

«ያ ዘፈን ከሌለ ምርጥ ብዬ ምኑን ልሽጥ? ሰው የሚያውቃችሁ በእሱ ነው።»

«ተሰርዟል፣ ጋሼ።»

«ማን ሰረዘው?»

«ሕጉ።»

«ሕጉ ዘፈን ያውቃል?» ብለው ዘጉት።

ዝሆን የምትሠራው አንድ የጆሮ ክሊኒክ ውስጥ ነው። የመስማት ችሎታ ትለካለች። ሄቪ ሜታል ስትጫወት የኖረች ሴት የሰው ጆሮ ጠጋኝ መሆኗ አናጢውን ሁሌም ያስቀዋል። «መጀመሪያ ሰበረችው፣ አሁን ትለካዋለች» ይላል።

ዘፋኙ ተራ ይዞ፣ የመስሚያ መሣሪያቸውን በመሐረብ ከጠቀለሉ ሽማግሌዎች መሐል ተቀመጠ። ስሙ ሲጠራ ገባ። ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየች።

«የጆሮ በሽተኛው አንተ ነህ?»

«ጆሮዬ ይጮኻል።»

«የአንተ ካልጮኸ የማን ይጩህ? ግባ።»

የመለኪያው ክፍል ቁም ሣጥን ታህላለች። በሯ ወፍራም ነው፣ በመስታወቱ በኩል ከውጭ የተቀመጠውን ሰው ታያለህ እንጂ አትሰማውም። ማዳመጫውን ራሷ ጆሮው ላይ አደረገችለት። ጣቶቿ ጸጉሩን ወደ ኋላ አሉት፣ ከጆሮው በላይ ትንሽ ቆዩ። ለሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ቆዩ ብሎ ሊምል ይችላል።

«ድምፅ ስትሰማ ይቺን ቁልፍ ትጫናለህ። ካልሰማህ አትጫን። መገመት ክልክል ነው።»

በሩን ዘጋችና መስታወቱ ማዶ ተቀመጠች። ቀጫጭን ድምፆች መጡ፤ እንደ ትንኝ፣ ከዚያ እንደ ትንኝ ትዝታ። ተጫነ፣ ተጫነ። እሱ በተጫነ ቁጥር እሷ ፊት ያለች ትንሽ መብራት ትበራለች። ከዚያ ሁሉም ጠፋ፣ ቀጥሎም ድምፅዋ ጆሮው ውስጥ ገባ።

«ትሰማኛለህ?»

ተጫነ።

«አንተ ብትናገር እኔ አልሰማህም፤ የአንተን ማይክሮፎን ዘግቼዋለሁ። እስቲ ለአንድ ጊዜ እኔ ላውራና አንተ ስማ። ለምን እንደሰረዝኩት ማወቅ ትፈልጋለህ?»

ሁለት ጊዜ ተጫነ።

«አንዴ ይበቃል።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ቶሎ ከሰመ። «አንተ ከሄድክ በኋላ ባንዱ ስድስት ዓመት ሠራ፤ ታውቃለህ። ያንን ዘፈን በየሳምንቱ ተጫወትኩት፣ ሌላ ሰው እየዘፈነው። አዳራሹ ሙሉ ‹በሩን አትዝጊው› እያለ ሲጮህ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ አራት ኖታ እደጋግማለሁ። የሚለምነው እኔን ነው፤ ግን አያውቅም። እንድጠብቅህ ስድስት ዓመት የለመነኝ የማላውቀው ሕዝብ ነው። አንተ አንድ ቀን ደውለህ ‹ትጠብቂኛለሽ ወይ› አላልከኝም። ዘፈኑን ትተህ ሄድክ፣ ዘፈኑ እንዲለምንልህ። ለዚህ ነው።»

አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫነም።

«ሰማህ?»

ተጫነ፤ አልለቀቀም። መስታወቱ ማዶ ያለችው መብራት እንደበራች ቀረች፤ ዝሆንም ወደ መብራቷ፣ ከዚያ ወደ እሱ፣ ከዚያ ወደ መብራቷ እያየች ቆየች። ቀጣዩ በሽተኛ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ።

ጆሮው ደህና እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ሰጠችው። «እንግዲህ አልሰማሁም ማለት አትችልም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲያልቅ ክሊኒኩ በር ላይ ይጠብቃት ጀመር። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረው ይሄዳሉ። እሱ ጎዳና ሲሻገር፣ እዚያ እንደለመደው፣ በተሳሳተው በኩል ያያል፤ እሷ በእጅጌው ትጎትተዋለች፤ ብዙ ጊዜ እጅጌውን ሳትለቅ ትረሳዋለች። አውቶቡሱ ሲመጣ «ሞልቷል፣ የሚቀጥለውን ልጠብቅ» ትላለች፣ ግማሽ ወንበር ባዶ ሆኖ። አንድ ቀን አናጢው በጭነት መኪናው ሲያልፍ አያቸውና ጥሩምባውን የ«መዶሻ»ን ምት አድርጎ ነፋው።

«አልበሙ ይውጣ» አለችው አንድ ምሽት። «ከዚያ ቁጭ እንላለን። አንተ ትጠይቃለህ፣ እኔ እመልሳለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ያንን ዘፈን ብቻ ተወው።»

«ተውኩት።»

ተውኩት ያለው ከልቡ ነበር። የተማረው ጭንቅላቱ ግን ልቡ የዘጋውን ሁሉ መስኮት ፈልጎ የሚከፍት ነው። አሳታሚው በየቀኑ ይደውላሉ፤ ያለዚያ ዘፈን አልበሙ አይታተምም ይላሉ። አልበሙ ካልታተመ ደግሞ «ከዚያ ቁጭ እንላለን» ያለችው ቀን አይመጣም። ዘፋኙ ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ከረመና አንድ ነገር ታየው። ሕጉ የሚለው ስለ ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ዘፈን ማንም ሊሰርዘው አይችልም። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ጥቂት ደቂቃ ዝምታ ይተዋል፤ ከዝምታው በኋላ ዘፈኑ ይገባል፤ ሽፋኑ ላይ ስሙ የለም። ብዙ ባንዶች ያደርጉታል።

ደግሞም ያው ዘፈን አይሆንም። ግጥሙን ለወጠው። «በሩን ዝጊው፣ ገብቻለሁ» አደረገው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ነገር ጽፎ የሚያውቅ አልመሰለውም። ጥርስ ሐኪሙ በምሳ ሰዓቱ ስቱዲዮ መጥቶ ጊታር መታለት። የቤዙን መስመር ባዶ ተዉት።

አናጢው ሲሰማ መላጊያውን አጠፋ። አጥፍቶ የሚያወራው ነገሩ ከባድ ሲሆን ብቻ ነው።

«ጠይቀሃታል?»

«ድንገተኛ ስጦታ ነው እኮ። ከጠየቅኋት ምኑን ስጦታ ሆነ?»

«እሷ እኮ ‹ጠይቀኝ› ነው ያለችህ።»

«ይህ ከመጠየቅ ይበልጣል።»

«እንደ ፈቀድክ» አለና ማሽኑን አስነሳ። ጩኸቱ ውስጥ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ዘፋኙ አልሰማውም።

አልበሙ ከመባዛቱ በፊት የመጀመሪያው ቅጂ ሲመጣ አራቱም ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጠው ሰሙት። አናጢው በጉልበቱ ላይ እየመታ፣ ጥርስ ሐኪሙ የገዛ ጊታሩን ሲሰማ እንደ በሽተኞቹ አፉን ከፍቶ። ዝሆን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከ«መዶሻ» መሐል ላይ የዘፋኙ እጅ አጠገብ እጇን አሳረፈች፤ ትንሿ ጣቷ ትንሿ ጣቱን ነካች። እዚያው ተዋት።

የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ጥርስ ሐኪሙ ሊነሳ ሲል ዝሆን በእጇ ምልክት «ቆይ» አለችው። ሁልጊዜ እንዲህ ነች፤ ዘፈን ካለቀ በኋላ ያለውን ዝምታ ካልሰማች አልሰማሁም ትላለች። ቅጂው ላይ እዝ የሚል ድምፅ እንዳይኖር።

ዝምታው ቀጠለ። ዘፋኙ ፊቷን ብቻ ነበር የሚያየው። እንዲህ ተመችቷት አይቷት አያውቅም፤ ዝም በማለት ውስጥ ቤቷ የገባች ትመስል ነበር።

ከዚያ ድምፁ መጣ።

ዓይኗ ተከፈተ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እጇን ከእጁ አጠገብ አነሳችና የድምፁን መቆጣጠሪያ ያዘች፤ ቀስ እያለች፣ እንደ ሥራዋ፣ ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችው። «በሩን ዝጊው» የሚለው ላይ ሲደርስ ለመስማት የሚያስቸግር ሆኖ ነበር።

«ጥሩ ተቀርጿል» ብላ ተነሳች።

ግቢው ውስጥ፣ የተሰነጠቁ ሣንቃዎች ክምር አጠገብ ደረሰባት።

«ግጥሙን ለውጬዋለሁ። አልሰማሽውም፣ መጨረሻው ላይ...»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ዝርዝሩ ላይ የለም። ሕጉን አልጣስኩም።»

«አልጣስክም» አለች። «ሕጉ ምክንያት አይጠይቅም፤ እኔ ግን ምክንያቴን ነገርኩህ። ለማንም ያልነገርኩትን። ሰምተህ ምን አደረግህ? እንደገና ዘፈንክ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ያኔም ለእኔ ብለህ ነበር። ያኔ ‹አትዝጊው› አልክ፣ አሁን ‹ዝጊው› አልክ። የምትከፍተውም የምትዘጋውም አንተ። በሩ ግን የእኔ ነው እኮ። አንድ ሰው አንኳኩቶ ‹ልግባ ወይ› ቢለኝ ምን እንደምል ታውቃለህ?»

«ምን ትያለሽ?»

ሻርፗ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር፤ ሊያራግፍላት እጁን አነሳ፣ መልሶ አወረደው።

«እንዲህ ተደርጎ አይጠየቅም» ብላ ሄደች። አውቶቡሱ ቀድሞ መጣ፤ አልሞላም ነበር፣ ገባች።

ዘፋኙ በማግስቱ አሳታሚው ዘንድ ሄዶ ዘፈኑን ከአልበሙ አስወጣ። አሳታሚው ተቆጡ፣ ለመኑ፣ እንደገና ተቆጡ፤ በመጨረሻ ትንሽ ቅጂ ብቻ አተሙ። «የ‹ዝገት› ምርጦች» ወጣ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን የሌለበት። አሁን መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው ሁሉ ያስቆመዋል። «ወንድሜ፣ ያ ዘፈን የት ሄደ? ምነው?» ዘፋኙ «ምክንያት አይሰጥም» ይላል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይሰድበዋል። ቢሮ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛው ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነፍጎታል።

ዝሆን በሌላ ከተማ ወዳለ ቅርንጫፍ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ዘፋኙ ክሊኒኩ ሲሄድ መስታወቱ ማዶ የተቀመጠችው ሌላ ልጅ ነበረች፤ ማዳመጫውን ለሽማግሌ ስታደርግ ቶሎ ነው የምታነሳው እጇን።

«ቤዟን እዚህ ትታዋለች» አለው አናጢው። ጊታሩ እንደ ሁልጊዜው ከካርቶኖቹ ሥር በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል።

«ትታዋለች ማለት ምን ማለት ነው? ትመጣለች ማለት ነው? ነው ወይስ አልፈልገውም ማለት ነው?»

«እኔ የማውቀው እንጨት ነው፣ ወንድሜ።»

ያን ቀን ከወርክሾፑ ወጥቶ ፌርማታው ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ። የመጀመሪያው የጻፈው ነገር ቤት ይመታ ነበር፤ አጠፋው። ሁለተኛው ይቅርታ ነበር፣ ረጅም፣ ሁሉንም ነገር የሚያስረዳ፤ አነበበውና እሱንም አጠፋው። ሁለት አውቶቡስ አለፈው። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ዝርዝር ላነብልሽ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፦ እኔና አንቺ። ልምጣ ወይ? ካልፈለግሽ ‹ሰርዝ› በይ። ምክንያት አልጠይቅም።»

ላከው። ጥቂት ቆይቶ ማንበቧን የምታሳየው ምልክት መጣች። ቀጥሎ እየጻፈች እንደሆነ የሚያሳዩት ሦስት ነጥቦች ብቅ አሉ፤ ተንቀሳቀሱ፣ ቆሙ፣ ጠፉ።

በባንዱ ሕግ ዝም ያለ ተስማምቷል። በክሊኒኩ ሕግ ቁልፉን ያልተጫነ አልሰማም፤ መገመትም ክልክል ነው። ሁለቱንም ሕግ ያስተማረችው እሷ ነች፤ የትኛው እንደሚሠራ ግን አልነገረችውም። የጉዞ ቦርሳው ተዘጋጅቶ አክስቱ ቤት በር ሥር ተቀምጧል፤ አክስቱ ሲጠርጉ ያነሱታል፣ ጠርገው መልሰው ያስቀምጡታል፣ ምንም አይሉትም።

ስልኩን በየቀኑ ያያል። መልእክቱ እዚያው አለ፣ ከሥሩ ባዶ ነው። «ና» አላለችም። «ሰርዝ»ም አላለችም።